«ከዓለም 2 በመቶ ተመራማሪዎች አንዱ» ሲባል ምን ማለት ነው? የአንድን የሕክምና ተመራማሪ ሥራ በቁጥር ስለመመዘን

«የስታንፎርድ ዝርዝር» የሚባለው በየዓመቱ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የፌስቡክ ገጾች በፎቶግራፍና በእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ይሞላሉ። «የተቋማችን ተመራማሪ ከዓለም 2 በመቶ ምርጥ ሳይንቲስቶች ተርታ ተሰለፉ» ይላል ዜናው። ስማቸው ከሚጠራው መካከል ብዙዎቹ የጤና ሰዎች ናቸው፤ ሐኪሞች፣ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች፣ የላቦራቶሪ ተመራማሪዎች። ዜናውን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይይዛል። ወይ ሰውዬው በዓለም ካሉ ሐኪሞች ሁሉ የላቁ ናቸው ብሎ ይደመድማል፣ ወይ ደግሞ ነገሩ በገንዘብ የተገዛ ነው ብሎ ይንቀዋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ከዜናው ጀርባ ያለው አንድ የመቁጠሪያ ዘዴ ነው፤ የሚለካው ነገር አለ፣ የማይለካውም አለ።

ይህን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው ለምሁራን ብቻ አይደለም። ሐኪም የሚያዝልን መድኃኒት፣ ተኝተን በክንዳችን የሚገባው ፈሳሽ ሳይቀር የሚመረጠው በእነዚህ ተመራማሪዎች ጽሑፎች ላይ ተመሥርቶ ነው። (በዚህ ማብራሪያ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚቆጠረው ምንድን ነው?

ጎንደር ያለ አንድ ሐኪም የካላዛር ሕሙማንን ተከታትሎ ያገኘውን ውጤት ጽፎ በአንድ የሕክምና ጆርናል (የምርምር መጽሔት) አሳተመ እንበል። ከጊዜ በኋላ ሱዳን ወይም ሕንድ ያለ ሌላ ተመራማሪ ስለዚያው በሽታ ሲጽፍ የጎንደሩን ጥናት በዋቢነት ይጠቅሳል። ይህ አንድ ጥቅስ ነው፤ በምርምር ሰዎች አነጋገር አንድ «ሳይቴሽን»። የተመራማሪው ጽሑፎች በሙሉ ያገኟቸው ጥቅሶች ሲደመሩ «ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሷል» ይባላል።

ይህን ቆጠራ ሥርዓት ያስያዙት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፊላዴልፊያ በሚገኘው ተቋማቸው ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ማሳተም ጀመሩ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ተመራማሪን በተመራማሪ ላይ ማስበለጥ አልነበረም። አንድ ጥናት ከወጣ በኋላ ሌሎች ምን አሉበት፣ ማን አረጋገጠው፣ ማን ተቃወመው የሚለውን ፈልጎ ለማግኘት የታሰበ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ሥራውን የሚሠሩት በዋናነት ሦስት ናቸው፤ የጋርፊልድ ማውጫ ወራሽ የሆነው ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ በ2004 የጀመረው ስኮፐስ፣ በዚያው ዓመት የመጣውና ለማንም ነፃ የሆነው ጉግል ስኮላር።

የአንድ ሰው ቁጥር በሦስቱ የተለያየ ሆኖ ቢገኝ አይግረምዎ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ ገና ያልተገመገሙ ረቂቆችን፣ የጉባኤ ወረቀቶችንም ስለሚሰበስብ ብዙውን ጊዜ ትልቁን ቁጥር ይሰጣል። ሌሎቹ ሁለቱ የሚቀበሏቸውን ጆርናሎች ይመርጣሉ። ስለዚህ የአንዱን ሐኪም የጉግል ቁጥር ከሌላው የስኮፐስ ቁጥር ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ቆጣሪው ጽሑፉ ለምን እንደተጠቀሰ አያነብም። አንድሩ ዌክፊልድ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1998 ላንሴት በተባለው ታላቅ ጆርናል ላይ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ ከሌሎች ጋር አሳተሙ። ጥናቱ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር። ጆርናሉ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ እንግሊዝም የሐኪምነት ፈቃዳቸውን ነጠቀቻቸው። ያ ጽሑፍ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። ከጠቃሾቹ አብዛኞቹ ግን የጠቀሱት ስሕተቱን ለማሳየት ነው። በቆጠራው ላይ ነቀፌታውም አንድ፣ ምስጋናውም አንድ ነው።

ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውስ?

ጥቅስን ዝም ብሎ መደመር አንድ ችግር አለው። አንድ ጽሑፍ ብቻ በጣም ቢታወቅ ድምሩን ብቻውን ያሳብጠዋል። ጆርጅ ኸርሽ የተባሉ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የሚያስተምሩ የፊዚክስ ሊቅ በ2005 አንድ መላ አቀረቡ፤ እሱም ኤች-ኢንዴክስ ተባለ።

አሰላሉ ቀላል ነው። የተመራማሪውን ጽሑፎች ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረው ወደ ታች ይደርድሯቸው። 7 ጽሑፎች ያሏት አንዲት ሐኪም ጽሑፎቿ በቅደም ተከተል 90፣ 40፣ 12፣ 6፣ 5፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል እንበል። አምስተኛው ጽሑፍ 5 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ስድስተኛው ግን 3 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቆጠራው እዚያ ይቆማል። ኤች-ኢንዴክሷ 5 ነው፤ ማለትም እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሏት።

አሁን ሌሎች ሁለት ሰዎችን ያስቡ። አንዱ እያንዳንዳቸው 5 ጊዜ ብቻ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉት፤ የሱም 5 ነው። ሌላዋ በሕይወቷ አንድ ጽሑፍ ብቻ አሳትማ 3,000 ጊዜ ተጠቅሶላታል፤ የሷ 1 ነው። ቁጥሩ ያለማቋረጥ የሚያሳትመውን ያበረታል፣ አንድ ትልቅ ነገር የሠራውን አያይም። ደግሞም ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ሥራ ያቆመ፣ ያረፈም ሰው ኤች-ኢንዴክሱ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ የ30 ዓመት ልምድ ያላቸውን ፕሮፌሰር ከስፔሻሊቲ ገና ከወጣ ሐኪም ጋር በዚህ ቁጥር ማነጻጸር ዕድሜን ከመጠየቅ ብዙ አይርቅም።

የአንዱ 12 ከሌላው 40 ያንሳል?

የግድ አያንስም፤ በሕክምና ውስጥ ትልቁ ያለመግባባት ምንጭም እዚህ ላይ ነው። የልብ ሕመምን ወይም ካንሰርን የሚያጠኑ ሰዎች በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ እርስ በርስ የሚጠቃቀሱትም ብዙ ነው። በደጋው ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲሄዱ የሚመጣውን፣ እግርን የሚያሳብጠውን ፖዶኮኒዮሲስ የሚያጠኑት ግን ጥቂት ናቸው። በሽታው ወላይታ ውስጥ ስንቱን ገበሬ ከሥራና ከማኅበር ለይቶ ቢያስቀምጥም፣ ስለሱ የተጻፈ ግሩም ጥናት ጠቃሽ የሚያገኘው ከዚያች አነስተኛ የባለሙያ ክበብ ነው። ሁለቱን ተመራማሪዎች በኤች-ኢንዴክስ ማወዳደር የበቆሎና የጤፍ ገበሬን በሄክታር ስንት ኩንታል እንዳገኙ ብቻ ጠይቆ ማወዳደር ነው። በቆሎው በኩንታል ይበልጣል፤ ባለበቆሎው ግን የተሻለ ገበሬ ስለሆነ አይደለም።

አንድ ጽሑፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ሲኖሩት ማን ሠራው?

በሕክምና ጽሑፍ ላይ የስም ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። መጀመሪያ የተጻፈው ሰው ብዙውን ጊዜ ዋናውን ሥራ የሠራው ነው፤ መረጃ የሰበሰበው፣ የተነተነው፣ የጻፈው። መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ጥናቱን የመራው፣ አንጋፋው ነው። መካከል ያሉት በተለያየ መጠን ረድተዋል። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገሮች እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ መኖር፣ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ገንዘብ ያስገኘ ወይም የክፍሉ ኃላፊ የሆነ ሰው በዚያ ብቻ ደራሲ አይባልም። በተግባር ግን «ለአክብሮት» የሚጨመር ስም ብዙ ነው፤ እዚህም፣ ውጭም።

ከኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ጉዳይ አለ። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጤና መለኪያና ግምገማ ተቋም የሚመራ «የዓለም የበሽታ ሸክም ጥናት» የተባለ ግዙፍ ሥራ አለ። በየአገሩ ሰው በምን እንደሚታመምና በምን እንደሚሞት ይገምታል። በላንሴት የሚወጡት ዋና ዋና ጽሑፎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም የሚበልጡ ደራሲዎች አሏቸው፤ ከነዚህ መካከል በርካታ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይገኛሉ። ስለ ማንኛውም በሽታ የሚጽፍ ሰው መግቢያው ላይ «በዓለም ይህን ያህል ሰው ታሟል» ለማለት እነዚህን ጽሑፎች ይጠቅሳል። ስለዚህ አንዱ ጽሑፍ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ጥቅስ ያመጣል፤ ያ ጥቅስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ደራሲ ሙሉ በሙሉ ይቆጠርለታል።

ይህ ማጭበርበር አይደለም። የኢትዮጵያን መረጃ የሚያውቅ ሰው በዚያ ጥናት ውስጥ መኖሩ አስፈላጊ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ስለ እኛ የሚገመተው ያለ እኛ ይገመት ነበር። ነገር ግን አንድ ወጣት መምህር 20,000 ጥቅስ እንዳለው ስታነቡ፣ ስንቱ ከራሱ ጥናት ስንቱ ከዚያ የጋራ ሥራ እንደመጣ ሳይጠየቅ ቁጥሩ ስለ እሱ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ታዲያ የ2 በመቶው ዝርዝር እንዴት ይሠራል?

ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሐኪምና የጥናት ዘዴ ተመራማሪ ጆን ዮአኒዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ የስኮፐስን መረጃ ተጠቅመው ነው። መጀመሪያ በ2019 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ይታደሳል። ሽልማት አይደለም፤ ማመልከቻ አይገባበትም፣ ዳኞች ተቀምጠው ጽሑፍ አያነቡበትም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ሰጣቸው ማለትም ስሕተት ነው።

ዮአኒዲስ ቀደም ብለን ያየነውን ችግር ያውቁታል። ስለዚህ ስድስት መለኪያዎችን ያጣምራሉ። ጠቅላላ ጥቅስና ኤች-ኢንዴክስ ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ኤች-ኢንዴክስን በደራሲዎች ብዛት ያስተካክለዋል። የቀሩት ሦስቱ ተመራማሪው ብቻውን የጻፋቸው፣ ብቻውን ወይም በመጀመሪያ ደራሲነት የጻፋቸው፣ ብቻውን ወይም በመጀመሪያ ወይም በመጨረሻ ደራሲነት የገባባቸው ጽሑፎች ያገኙትን ጥቅስ ይቆጥራሉ። በጋራ ጥናት መካከል ላይ ስሙ የገባ ሰው በነዚህ ሦስቱ አይጠቀምም። በኔ ግምት ይህ ከተራው ኤች-ኢንዴክስ እጅግ የተሻለ ነው። ሰው ራሱን የጠቀሰባቸው ጥቅሶች ተቀንሰው የሚገኘው ደረጃም ለብቻ ይታያል፤ በቅርቦቹ እትሞች የተሰረዙ ጽሑፎቹ ብዛትም ተካቷል።

ሁለት ሰንጠረዦች አሉ። አንዱ የሥራ ዘመንን በሙሉ የሚያይ ነው፤ ሌላው የአንድ ዓመት ጥቅስን ብቻ። በዜና የምናያቸው አብዛኞቹ አዳዲስ ስሞች በሁለተኛው ውስጥ ያሉ ናቸው። እዚያ መግባትም ቀላል አይደለም፤ ግን «በዚህ ዓመት ብዙ ተጠቀሰ» እና «በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከቀዳሚዎቹ ነው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእንኳን ደስ አለዎ ማስታወቂያዎቹ ይህን ልዩነት ቢጽፉት መልካም ነበር። ንጽጽሩ ደግሞ በየንዑስ ሙያው፣ ቢያንስ 5 ጽሑፍ ካላቸው ሰዎች መካከል ነው። ኦፕሬሽን ላይ ያለ እጅ፣ በሽተኛ ማነጋገር፣ ተማሪ ማብቃት በስሌቱ ውስጥ የሉም።

የኢትዮጵያውያን ስም ለምን ይጠፋል?

የውጭ ማውጫዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ የምንጽፈው የራሳችንንና የአባታችንን ስም ነው፤ ማውጫው ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥረዋል። የአባቷ ስም ከበደ የሆነ ሐኪም «ከበደ አ.» ሆና ትገባለች፤ እንደሷ ያሉ ሌሎች ብዙ «ከበደ አ.» ደግሞ አሉ። የሌላ ሰው ጥቅስ ወደሷ ሊገባ፣ የሷ ደግሞ ወደ ሌላ ሊሄድ ይችላል። ፀሐይን ወይም ፀጋዬን በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ መንገድ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ የጻፈ ሰው መዝገቡ ለሁለት ይከፈላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሄዶ የአያቱን ስም የጨመረም እንዲሁ።

መፍትሔው ኦርኪድ የተባለ፣ በ2012 የተጀመረ፣ 16 አኃዝ ያለው ነፃ መለያ ቁጥር ነው። ስም ቢለወጥም ቁጥሩ አይለወጥም። ምርምር የሚጀምር የሕክምና ተማሪ ሁሉ ከመጀመሪያ ጽሑፉ በፊት ሊያወጣው ይገባል፤ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው።

በታላቅ ጆርናል መውጣቱስ ማስረጃ አይሆንም?

ለጆርናሎች «ኢምፓክት ፋክተር» የተባለ ቁጥር አለ። አንድ ጆርናል በ2023 እና በ2024 በድምሩ 200 ጽሑፍ አውጥቶ፣ እነዚያ በ2025 600 ጊዜ ቢጠቀሱ ኢምፓክት ፋክተሩ 3 ይሆናል። አማካይ ነው። ጥቂት ጽሑፎች አብዛኛውን ጥቅስ ስለሚወስዱ፣ በውስጡ ያለው አብዛኛው ጽሑፍ ከአማካዩ በታች ነው። ስለዚህ የጆርናሉን ቁጥር ለጽሑፉ፣ የጽሑፉንም ለሰውየው መስጠት አያስኬድም። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎችና የጆርናል አዘጋጆች ይህንኑ የሚቃወም መግለጫ አዘጋጅተው በዓመቱ ይፋ አድርገዋል፤ ብዙ ተቋማትም ፈርመውበታል።

በሌላው ጫፍ «ፕሬዳተሪ» የሚባሉት አሉ። ገንዘብ ተቀብለው ያለ እውነተኛ የባለሙያ ግምገማ የሚያትሙ ናቸው። በኢሜይል ያሞግሳሉ፣ በጥቂት ቀን እናወጣለን ይላሉ፣ የአዘጋጆቻቸው ዝርዝር አንዳንዴ ሳያውቁ ስማቸው የገባ ሰዎችን ይይዛል። የማዕረግ ዕድገት በጽሑፍ ብዛት ሲታሰብ እነሱ ገበያ ያገኛሉ። ከደመወዙ ቀንሶ የከፈለ መምህር ሥራው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ማንም በማያምነው ቦታ ተቀብሮ ይቀርበታል፤ ይህ በጣም ያሳዝናል። እንደ ኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ያሉ፣ ከ1962 ጀምሮ ሐኪሞቻችን የሚያሳትሙባቸው የአገር ውስጥ ጆርናሎች ደግሞ ኢምፓክት ፋክተራቸው ስለማይጮኽ ብቻ ከነዚህ ጋር መደባለቅ የለባቸውም።

ብዙ የተጠቀሰ ሰው ሊያጭበረብር ይችላል?

ዮአኪም ቦልት የተባሉ ጀርመናዊ የማደንዘዣ ሐኪም በደም ሥር ስለሚሰጡ ፈሳሾች በመጻፍ ከዓለም ስመ ጥሮች አንዱ ነበሩ። በተለይ ሃይድሮክሲኤቲል ስታርች የተባለውን ፈሳሽ ደኅንነት የሚደግፉ ጥናቶቻቸው በሰፊው ይጠቀሱ ነበር። ከ2010 ጀምሮ በተደረገ ምርመራ የተፈጠሩ መረጃዎችና የሥነ ምግባር ፈቃድ የሌላቸው ጥናቶች ተገኙ። እስካሁን ከ200 በላይ ጽሑፎቻቸው ተሰርዘዋል።

ወደ ሕሙማኑ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በ2013 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል የወጣ ጥናት በጽኑ የታመሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ሰብስቦ መረመረ። የቦልት ጥናቶች ከስሌቱ ውጭ ሲደረጉ፣ ፈሳሹ ከሞትና ከኩላሊት ጉዳት መጨመር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። የአንድ ሰው ረጅም የጽሑፍ ዝርዝር አደጋውን ሸፍኖት ነበር። እያንዳንዱ ጥቅስ በዚያን ጊዜ የመተማመን ምልክት ይመስል ነበር።

ትንሽ የተጠቀሰስ ትልቅ ሊሆን ይችላል?

ሃንጋሪ የተወለዱት ካታሊን ካሪኮ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኤምአርኤንኤ (ለሴሎች የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ስለሚያደርሰው ሞለኪውል) ሲመራመሩ የምርምር ገንዘብ ባለማግኘታቸው በ1995 ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ። በ2005 ከድሩ ዋይስማን ጋር ሆነው፣ የሰውነት መከላከያ ኤምአርኤንኤን እንደ ጠላት እንዳያየው የሚያደርግ ኬሚካላዊ ለውጥ አገኙ። ኔቸር የተባለው ታላቅ ጆርናል ጽሑፉን አልተቀበለውም፤ ኢሙኒቲ በተባለ ጆርናል ወጣ፤ ያኔ ብዙ ትኩረት አላገኘም። 15 ዓመት ቆይቶ የኮቪድ ክትባቶች በዚያ ግኝት ላይ ተመሠረቱ፤ በ2023 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ። በ2006 የካሪኮን የጥቅስ ቁጥር አይቶ የቅጥር ውሳኔ የሚሰጥ ኮሚቴ ቢኖር ምን ይወስን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የኛም ዶክተር አክሊሉ ለማ አሉ። በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሣው ምርምር ዓመታት ወሰደ፤ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በላቦራቶሪም በመስክም ታየ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ፤ ዶክተር አክሊሉ ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እዚያ የሠለጠኑ ተመራማሪዎች፣ የተመሠረተው ላቦራቶሪ፣ ወንዝ ዳር የነበረው የማስተዋል ዓይን፣ ይህ ሁሉ በኤች-ኢንዴክስ ውስጥ አይገባም።

የአንድን ሐኪም መዝገብ ራሴ ማየት ብፈልግስ?

ከቁጥሩ አይጀምሩ። ከፍተኛ ጥቅስ ካገኙት ጽሑፎች አምስቱን ይክፈቱና ስሙ የት ቦታ እንደተጻፈ ይዩ። አንደኛ ወይም መጨረሻ የሆነባቸውን ለይተው ርእሳቸውን ያንብቡ፤ አንድ ጥያቄን ለዓመታት የተከታተለ ሰው መዝገቡ ላይ ያስታውቃል። በየወሩ በማይገናኙ ርእሶች ላይ አራትና አምስት ጽሑፍ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ጥያቄ ሊያስነሣ ይገባል። በ2023 ብቻ በዓለም ከ10,000 በላይ ጽሑፎች ተሰርዘዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የተሠሩት ጽሑፍ አምርተው የደራሲነት ቦታ በሚሸጡ ድርጅቶች ነው ተብሎ ይታመናል።

ጥናቱ በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ከሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት በይፋ መመዝገቡንና የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘቱን ጽሑፉ ውስጥ ይፈልጉ። ሌሎች ሐኪሞች በሕክምና መመሪያ ውስጥ ተጠቅመውበት እንደሆነም ይጠይቁ፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ የገባ አንድ ጥናት በሺህ ጥቅስ ከማይገኝ ፈተና ያለፈ ነው። በመጨረሻም የጽሑፉን ርእስ ፐብሜድ ላይ ይጻፉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ነፃ ማውጫ ነው፤ ጽሑፉ ተሰርዞ ከሆነ ገጹ ላይ ከላይ በጉልህ ይነግርዎታል።